ከአልማዙ በፊት የተመለሰ ጥያቄ፦ ሴሬትሴ ካማ እና ቦትስዋና

በ1967 የዲ ቢርስ ኩባንያ ባለሙያዎች ቦትስዋና ውስጥ ኦራፓ በሚባል ደረቅ ምድር አልማዝ አገኙ። ትንሽ ነገር አልነበረም። ኦራፓ በስፋቱ ከዓለም ትልልቅ የአልማዝ ማዕድናት አንዱ ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም።

እስቲ ነገሩን አስቡት። ኦራፓ ያለው በባማንግዋቶ ጎሳ ምድር ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ ደግሞ በትውልዳቸው የባማንግዋቶ አልጋ ወራሽ ናቸው። ታዲያ አልማዙ የማን ነው? የጎሳው? የአገሩ? ወይስ የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ? በዚህ ጥያቄ ደም የተፋሰሱ አገሮች አሉ። ኮንጎ ነጻ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት መዳብ ያለበት ካታንጋ ተገንጥያለሁ ብሎ አውጇል።

ቦትስዋና በዚህ አልተጣላችም። ምክንያቱም መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሰጠው ነው ዛሬ ማብራራት የምፈልገው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

ሴሬትሴ የተወለዱት በ1921 በሴሮዌ ከተማ ነው። ስማቸው በሴትስዋና ቋንቋ አጣብቆ የሚይዝ ጭቃ እንደማለት ነው። አባታቸው ሴክጎማና አያታቸው ሦስተኛው ካማ ለብዙ ዓመት ተኳርፈው ኖረው ታርቀው ነበርና ስሙ የእርቁ መታሰቢያ ሆነ። እኛ ጋ ታረቀኝ ብለው እንደሚሰይሙት ነው።

አያትየው ብርቱ ሰው ነበሩ። በ1895 ከሌሎች ሁለት አለቆች ጋር ለንደን ድረስ ተጉዘው፣ አገራችንን ለእንግሊዛዊው ባለሀብት ለሴሲል ሮድስ ኩባንያ አትስጡብን ብለው ተሟገቱ። አገሪቱ ቤቹዋናላንድ በሚል ስም በብሪታኒያ ጥበቃ ሥር ቆየች። የሮድስ ግዛት አልሆነችም። በኋላም ደቡብ አፍሪካ አልዋጠቻትም።

አያት በ1923 ሞቱ። አባትም በ1925 ተከተሉ። ሴሬትሴ በአራት ዓመታቸው ወራሽ ሆኑ፤ አልጋውን በሞግዚትነት የያዙት አጎታቸው ትሼኬዲ ነበሩ። ትሼኬዲ የወንድማቸውን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ አሳደጉ፤ አስተማሩ። ሴሬትሴ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው ፎርት ሄር ኮሌጅ ተምረው ተመረቁ። ከዚያ ኦክስፎርድ፣ ከዚያ ለንደን ሕግ ትምህርት ቤት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሕግ ተምረው ይመጣሉ፣ አጎት አልጋውን ያስረክባሉ።

በ1947 ግን ለንደን ውስጥ በአንድ የዳንስ ምሽት ከሩት ዊሊያምስ ጋር ተዋወቁ። ሩት እንግሊዛዊት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ አምቡላንስ ይነዱ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የቢሮ ጸሐፊ ሆኑ። በመስከረም 1948 ተጋቡ። በቤተ ክርስቲያን ለመጋባት ሞክረው ስለተከለከሉ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ነው የተጋቡት።

አጎት በጣም ተቆጡ። ቁጣቸው ግን የሙሽራዋ ቀለም ብቻ አልነበረም። በባማንግዋቶ ወግ የአለቃ ሚስት የሕዝብ እናት ናት። አለቃ ሕዝቡን ሳያማክር አያገባም። ሴሬትሴ ደግሞ ማንንም አልጠየቁም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላስተዋውቃችሁ፦ ክጎትላ። የሕዝብ መሰብሰቢያ ነው፤ ወደ ሸንጎ የሚጠጋ። ማንም ጎልማሳ ወንድ ተነስቶ ይናገራል፤ ሴቶች ያኔ ቦታ አልነበራቸውም። አለቃው ሁሉንም ሰምቶ መጨረሻ ላይ ይናገራል። አለቃ አለቃ የሚሆነው በሕዝቡ ነው የሚል አባባልም አላቸው። ለቦትስዋና ታሪክ ይህ ቦታ ከፓርላማው አዳራሽ አያንስም።

የሴሬትሴ ጋብቻ ሴሮዌ ክጎትላ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰማ። በ1948 መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው አብዛኛው ሰው ተቃወመ። ሴሬትሴ ተቃውሞውን ቁጭ ብለው ሰሙ። በሰኔ 1949 ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበሰቡ ሚስቴን የምትቀበሉ ተነሱ አሉ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ብድግ አለ። ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። በሕዝቡ በኩል ጉዳዩ አለቀ። ትሼኬዲም የራሳቸውን ደጋፊዎች ይዘው ከጎሳው ምድር ወጡ።

ጉዳዩ ያላለቀው ለንደን ነው። በ1948 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አፓርታይድ ሥልጣን ይዟል። በ1949 ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ በሕግ ከልክሏል። ድንበሩን አልፎ ጎረቤት ላይ ነጭ ሚስት ያላቸው ጥቁር አለቃ ሊቀመጡ ነው። ፕሪቶሪያ ይህን ልትታገሥ አልቻለችም። ብሪታኒያ ደግሞ ከጦርነቱ የወጣችው ባዶ ካዝና ይዛ ስለነበር የደቡብ አፍሪካን ወርቅና ዩራኒየም ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመች። ኮሚሽኑ ያገኘው የሚያሳፍር ነው፦ ሰውየው ለአለቅነት ብቁ ናቸው፤ ነገር ግን ጎረቤቶቻችን ይከፋሉ። መንግሥት ይህን ዘገባ ለሠላሳ ዓመት ያህል ደበቀው።

በ1950 ሴሬትሴ ለምክክር ተብለው ለንደን ተጠሩ። ከደረሱ በኋላ አትመለስም ተባሉ። አለቅነቱን ብትተው በየዓመቱ ገንዘብ እንቆርጥልሃለን የሚል ሐሳብም ቀረበላቸው። እምቢ አሉ። ሩት ያኔ ሴሮዌ ነበሩ፤ ነፍሰ ጡር። የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚያው ወለዱ። የለንደኑ ወንበር ከሌበር ፓርቲ ወደ ወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ሲዞር አንዳንዱ ነገሩ ይቀየራል ብሎ ነበር። አዲሶቹ በ1952 እገዳውን የዘላለም አደረጉት። በዚያው ዓመት ሴሮዌ ውስጥ በተነሳ ረብሻ ሦስት ፖሊሶች ሞቱ። ባማንግዋቶዎች ግን ሌላ አለቃ ምረጡ ሲባሉ አንመርጥም ብለው ጸኑ።

በመጨረሻ መፍትሔው የመጣው ከቤተሰቡ ነው። አጎትና የወንድም ልጅ ታረቁ፤ ሁለቱም የአለቅነት መብታቸውን ተዉ። ሴሬትሴ በ1956 ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር እንደ ተራ ዜጋ አገራቸው ገቡ።

ስለ ሴሬትሴ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው የፍቅር ታሪኩ ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ነው። እኚህ ሰው በ35 ዓመታቸው ሁለት ነገር በራሳቸው ላይ አይተዋል። በደም የተገኘ ሥልጣን በአንድ የቢሮ ውሳኔ ሊነጠቅ ይችላል። ብድግ ብሎ የተቀበለህ ሕዝብ ግን ስድስት ዓመት ይጠብቅሃል። በኋላ ያደረጉት ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ከተመለሱ በኋላ ከብት እርባታ ሞከሩ፤ እምብዛም አልሆነላቸውም። ስኳር በሽታም ያዛቸው። በ1962 ግን የቦትስዋና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን መሠረቱ። ዋና ጸሐፊው ኬቱሚሌ ማሲሬ ነበሩ፤ ጋዜጠኛና ጎበዝ ገበሬ፣ የሌላ ጎሳ ሰው። አንዱ ስም አላቸው፤ ሌላው መንደር ለመንደር ዞሮ የማደራጀት ጉልበት አለው። የፓርቲው ምልክት ምን መሰላችሁ? የመኪና ክሪክ! ሕዝቡ ዴሞክራቲክ የሚለውን ቃል ዶምክራግ እያለ ይጠራው ነበር። ዶምክራግ በአፍሪካንስ ቋንቋ ክሪክ ነው። ፓርቲውም አልተቃወመም። ከባድ ነገር የሚያነሳ ዕቃ ነው ብሎ ምልክቱ አደረገው።

በመጋቢት 1965 ምርጫ ፓርቲው ከ31 ወንበር 28ቱን ወሰደ። መስከረም 30 ቀን 1966 ቦትስዋና ነጻ ወጣች። ሴሬትሴም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የተረከቡት አገር ስፋቱ ፈረንሳይን ያክላል፤ አብዛኛው ካላሃሪ ነው። በጠቅላላ 12 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነበረው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ዜጎች 22 ነበሩ ይባላል። ድርቁ ከአገሪቱ ከብት ሲሦ ያህሉን ፈጅቷል። ከበጀቱ ግማሽ ያህሉ የብሪታኒያ ድጎማ ነው። ዋና ከተማዋ እንኳ ለብዙ ዓመታት አገሯ ውስጥ አልነበረችም። እንግሊዞች ቤቹዋናላንድን ያስተዳድሩ የነበሩት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካለችው ማፊኬንግ ሆነው ነው። ጋቦሮኔ ለነጻነቱ ተብላ በጥድፊያ የተሠራች ከተማ ናት።

አሁን ወደ አልማዙ እንመለስ።

በቅኝ ዘመን በጎሳ ምድር ውስጥ ያለ ማዕድን የጎሳው ነበር። ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በተግባርም። በ1959 ባማንግዋቶዎች ከአንድ የማዕድን ኩባንያ ጋር በራሳቸው ስም ውል ተፈራርመዋል፤ ድርድሩን የመሩት ትሼኬዲ ነበሩ። ይህ አሠራር ቢቀጥል እያንዳንዱ ጎሳ የየራሱን ውል ይዋዋላል። ማዕድን የወጣለት ይከብራል። ያልወጣለት በሩቁ ያያል።

የሴሬትሴ ፓርቲ በ1965 ምርጫ ሕዝቡ ፊት የቀረበው ይህን እንቀይራለን ብሎ ነው። የከርሰ ምድር ሀብት የመላው አገር ይሆናል አለ። በ1967 የወጣው የማዕድን ሕግ ቃሉን ወደ ተግባር ለወጠው። ልብ በሉ፤ ቃሉ የተገባው ኦራፓ ከመገኘቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

ጊዜው ለምን ያን ያህል ወሳኝ ሆነ? እቁብን አስቡ። ደንቡን የምንጽፈው እጣ ከመውጣቱ በፊት ነው። ያኔ ማን እንደሚደርሰው ማንም ስለማያውቅ ሁሉም ፍትሐዊ ደንብ ይፈልጋል። እጣው ከወጣ በኋላ ደንብ እንቀይር ማለት ጠብ መጫር ነው። ቦትስዋናም እንዲሁ ነበረች። ማዕድኑ ለየትኛው ጎሳ እንደሚወጣ ገና አልታወቀም። ደግሞ መጀመሪያ ሰጪው ትልቁ ሰው ነው። ባማንግዋቶ ከሁሉም ሰፊው መሬት አለው፤ ማዕድን የማግኘት ዕድሉም በዚያው ልክ ሰፊ ነው። የእሱ ወራሽ ድርሻችንን ለአገር ሰጥተናል ካሉ ትንሹ ጎሳ ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ዲ ቢርስ ከ1955 ጀምሮ ሲፈልግ ስለነበር ሴሬትሴ ፍንጩን ሳያውቁት አይቀሩም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ይህን ስሰማ አክብሮቴ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ባዶ የመሰለን መሬት መስጠት ቀላል ነው። ከሥሩ አልማዝ ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሮ መስጠት ግን ሌላ ነው።

ሕጉ ብቻውን አልመጣም። አለቆች የነበራቸው ሥልጣን በሙሉ እየተነቀለ ነበር። የአለቆች ምክር ቤት ተቋቋመላቸው፤ የሚመክር እንጂ የማይወስን። በ1968 በወጣ ሌላ ሕግ የጎሳ መሬት የማከፋፈል ሥራ ከአለቆች እጅ ወጥቶ ለመሬት ቦርዶች ተሰጠ። አንዳንዶቹ አለቆች ክፉኛ ተቀየሙ። በደቡብ ያለው የባንግዋኬትሴ ጎሳ አለቃ ባቶዌን በ1969 አለቅነታቸውን ለቀው በተቃዋሚ ፓርቲ ስም ለምርጫ ቀረቡ። ማንን አሸነፉ? ምክትል ፕሬዚዳንቱን ማሲሬን! የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ባቶዌን አልታሰሩም፤ ምርጫውም አልተሰረዘም። ፓርላማ ገብተው መቃወማቸውን ቀጠሉ። ማሲሬ ደግሞ ሕጉ በሚፈቅደው ልዩ ወንበር ተመልሰው ሥራቸውን ያዙ።

ሁለተኛው ነገር ከዲ ቢርስ ጋር የተደረገው ድርድር ነው። ያኔ በአፍሪካ የተለመደው መንገድ መውረስ ነበር። ጎረቤት ዛምቢያ በዚያው ሰሞን ከመዳብ ኩባንያዎቿ 51 በመቶ ወስዳለች። ሴሬትሴና የገንዘብ ጉዳዩን የያዙት ማሲሬ ግን ቀስ ብለው ነው የሄዱት። በ1969 የመንግሥት ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር። የኦራፓ ማዕድን በ1971 ሥራ ጀመረ። ኩባንያው አጠገቡ ሌላ ማዕድን ለመክፈት ፈቃድ ሲጠይቅ መንግሥት በመጀመሪያ የድሮው ውል ይከለስ አለ። ኩባንያው አማራጭ አልነበረውም። ያኔ የዓለምን የአልማዝ ዋጋ ይቆጣጠር የነበረው አቅርቦቱን በእጁ በመያዝ ስለሆነ የቦትስዋና አልማዝ ከእጁ እንዲያመልጥ አይፈልግም ነበር። በ1975 ድርሻው እኩል በእኩል፣ 50 በ50 ሆነ። በዚያ ላይ ግብርና የማዕድን ክፍያ አለ። ሁሉም ሲደመር ከትርፉ የሚበልጠው እጅ የመንግሥት ሆነ።

እነዚህ ተደራዳሪዎች ለመማር አላፈሩም። የውጭ ባለሙያዎችን በጥድፊያ አላባረሩም፤ አገሬው ተምሮ እስኪተካቸው አቆዩአቸው። ለዚህም በአገር ውስጥ ብዙ ተወቅሰዋል። ገንዘቡ ሲመጣም የሚወጣው በልማት ዕቅድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት የዕለት ተዕለት ወጪ ከብሪታኒያ ድጎማ ተላቀቀ። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የውኃ ጉድጓድ ገጠር ድረስ ገባ።

በነሐሴ 1976 የደቡብ አፍሪካን ራንድ ትተው የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ። ስሙ ፑላ ነው፤ ዝናብ ማለት ነው። እኛ ገንዘባችንን በብረቱ ስም ብር አልነው፤ እነሱ በጣም በናፈቃቸው ነገር ጠሩት። ሳንቲሙ ደግሞ ቴቤ ይባላል፤ ጋሻ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ከሆነው ሁሉ እኔ በጣም የምወደው የዩኒቨርሲቲውን ነገር ነው። ቦትስዋና ከሌሴቶና ከስዋዚላንድ ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት ዩኒቨርሲቲ ነበራት፤ ሕንፃው ያለው ሌሴቶ ነው። በ1975 ሌሴቶ የራሴ ነው ብላ ያዘችው። የቦትስዋና ተማሪዎች ቦታ አጡ። ሴሬትሴም ለሕዝቡ ጥሪ አቀረቡ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ከብት። በሬ ያለው በሬ፣ ፍየል ያለው ፍየል፣ እህል ያለው እህል ይዞ መጣ። ዛሬ ጋቦሮኔ ያለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ መዋጮ ጭምር የቆመ ነው። የአልማዝ ገንዘብ እየገባ እያለ እንኳ ሕዝቡን አዋጣ ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። የራሱን ላም የሰጠ ሰው የኔ ዩኒቨርሲቲ ይላል።

ጎረቤቶቹ ከባድ ነበሩ። በደቡብ አፓርታይድ፣ በምሥራቅ የሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ነጮች፣ በምዕራብ በደቡብ አፍሪካ የተያዘችው ናሚቢያ። እቃው ሁሉ የሚመጣው በእነሱ በኩል ነው። ሴሬትሴ አፓርታይድን በአደባባይ አወገዙ፣ ስደተኞችን ተቀበሉ፤ ለታጣቂዎች ግን የጦር ሰፈር አልፈቀዱም። እስከ 1977 ድረስ አገሪቱ መደበኛ ጦር እንኳ አልነበራትም። ጦሩ በተቋቋመ በዓመቱ ሌሶማ ላይ የሮዴዥያ ወታደሮች አድፍጠው 15 የቦትስዋና ወታደሮችን ገደሉ። የደቡብ አፍሪካ ቀጠና አገሮች በኢኮኖሚ እንዲተባበሩ ሲጣጣሩ ቆይተው ማኅበሩ በሚያዝያ 1980 ሉሳካ ላይ ሲመሠረት በቦታው ነበሩ። ዛሬ ሳድክ የምንለው ድርጅት ሥሩ ያ ነው። መቀመጫውም ጋቦሮኔ ነው።

እንከን አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1975 የወጣው የግጦሽ መሬት ፖሊሲ ሰፋፊ መሬት ለብቻ እንዲታጠር ፈቀደ። የጠቀመው ብዙ ከብት ላላቸው ነው፤ ከብት የሌለው ገጠሬ መሬት ጠበበበት። ሴሬትሴ ራሳቸውም ከብዙ ከብት ባለቤቶች ወገን ነበሩ። ቀድመው ካላሃሪ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት አዳኝ ሕዝቦች፣ ባሳርዋ የሚባሉት፣ ከአልማዙ ብዙም አልደረሳቸውም። በኋላ በ1997 እና በ2002 ከገዛ ምድራቸው እንዲነሱ ተደርገው ነበር፤ በ2006 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ሕገ መንግሥቱ በስም የጠቀሰው ስምንት የትስዋና ጎሳዎችን ብቻ መሆኑም ሌሎቹን ሲያስከፋ ኖሯል። አንድነቱ የተገነባው በትስዋና ቋንቋና ባህል ላይ ነው። የአገሩን ሰላም ስናደንቅ ይህን መርሳት የለብንም። አብዛኛው ሰው አንድ ቋንቋ በሚናገርበት፣ ያኔ ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ በነበረበት አገር የተሠራው ነገር ሌላ ቦታ እንደዚያው ይሠራል ማለትም አይቻልም።

አገሪቱ ዛሬም በአልማዝ ላይ እንደተደገፈች ነው። በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሲቀንሰው ሥራና በጀት አብረው ተናጉ። በ2024 ምርጫ ያ የክሪኩ ፓርቲ ከ58 ዓመት በኋላ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንቱ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ለዱማ ቦኮ አስረከቡ።

ሴሬትሴ ይህን ሁሉ አላዩም። ሐምሌ 13 ቀን 1980 በካንሰር ሞቱ። ገና 59 ዓመታቸው ነበር። ቀብራቸው ሴሮዌ ሆነ፣ ሕዝቡ ብድግ ብሎ በተቀበላቸው ከተማ። ሩት እስከ 2002 እዚያው አገር ኖረው ከጎናቸው ተቀበሩ።

በ1982 ጅዋኔንግ ላይ አዲስ ማዕድን ተከፈተ። በሚወጣው አልማዝ ዋጋ ከዓለም አንደኛ ይባላል፤ ኦራፓን አስከንድቷል። ጅዋኔንግ ያለው በባማንግዋቶ ምድር አይደለም። ያ ቅር የተሰኙት አለቃ፣ ባቶዌን፣ ይመሩት በነበረው በባንግዋኬትሴ ምድር ነው። ከዚያ የወጣው ገንዘብ ሴሮዌ ድረስ ሄዶ ክሊኒክ ሲሠራ የእኛ ነው ብሎ ያስቆመው የለም።